ወንዙን ልናይ የወጣን ቀን

ባለፈው ኅዳር ለሥራ ጉዳይ ቤርሼባ ሄጄ ነበር። ጉዳዬን ጨርሼ ወደ ባቡር ጣቢያው ስመለስ ዝናብ ጣለ፤ ያመቱ የመጀመሪያው ዝናብ። በዚያ ከተማ የመጀመሪያው ዝናብ ከመሬት የሚያስነሣው ሽታ አለ። በጋውን ሙሉ በየመስኮቱና በየበረንዳው ሲከማች የከረመው የበረሃ አቧራ ድንገት ይረጥብና አየሩ እንደ አዲስ ገንቦ ይሸታል። ከአንድ ሱቅ ጥግ ተጠልዬ ነበር፤ ያ ሽታ ሲደርሰኝ ግን ባቡሩን ተውኩትና ታክሲ አስቆምኩ።

"ወደ ቱርክ ድልድይ።"

"በዚህ ዝናብ?" አለ ሾፌሩ።

ድልድዩ ዛሬ አምሮበታል። ዙሪያው መናፈሻ ሆኗል። እኔ የማውቀው ግን ቆሻሻና የተጣለ ጎማ የሞላበት ደረቅ ሸለቆ፣ በላዩም ባቡር የማያልፍበት የድንጋይ ድልድይ ነበር። እዚያ ላይ ቆሜ የተቀበልኩት አንድ ስልክ አለ። ዛሬም ሳስበው መጀመሪያ እደነግጣለሁ፤ ቀጥሎ ሳቄ ይመጣል።

ያኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ በዕብራይስጥ "ኪታ ጊሜል"። የምንኖርበትም ሰፈር ሽኩና ጊሜል ይባላል። ጊሜል ሦስተኛዋ ፊደል ናት። እኔ ታዲያ ሰው በክፍሉ ፊደል የሚኖር ይመስለኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አራተኛ ክፍል፣ ዳሌት ስገባ ወደ ሽኩና ዳሌት ዕቃችንን ጭነን እንሄዳለን ብዬ ለጓደኞቼ ተናግሬ፣ አንዷ ልትለየኝ ነው ብላ አልቅሳለች። ራሞት የምትባለው ሰፈር ግን ፊደል የላትም። ትልልቅ ቤትና መኪና ያላቸው ሰዎች ስለሚኖሩባት፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው ከፊደል የተገላገሉት እዚያ የሚገቡ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት እናቴ ቤት አልነበረችም። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷን አመማትና ሆስፒታል ገባች፤ ሐኪሞቹም እስክትወልድ ድረስ ከአልጋ እንዳትነሣ አሏት። አባቴ ይህን ለጎረቤት ሲናገር "ሽሚራ ላይ ናት" ይላል። ሽሚራ ማለት ጥበቃ ነው። እኔ የማውቀው ጥበቃ የትምህርት ቤታችን በር ላይ ሽጉጥ ታጥቆ የሚቆመውን ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ልጠይቃት የገባሁ ቀን መጋረጃውን ገለጥኩ፤ ጎንበስ ብዬ አልጋው ሥርም አየሁ።

"ምን ጠፋብሽ?" አለችኝ እናቴ።

"ጠባቂሽ የታል?"

ሳቀችና ጸጉሬን ደባበሰችኝ። "አንቺ ነሻ ጠባቂዬ" አለች።

እሷ ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ የተሰጠኝ መሰለኝ።

አባቴ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር፣ ፕላስቲክ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ፈረቃው አንዴ በጠዋት፣ አንዴ በማታ ነው። እኔን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ የእናቴ አባት ከነቲቮት መጡ። አባባ እላቸዋለሁ። ጋቢያቸውን፣ ምርኩዛቸውንና ትንሽ ሻንጣ ይዘው መጡና ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ላይ ሰፈሩ። ዕብራይስጥ አይችሉም፤ የኔም አማርኛ ጎደሎ ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በዕብራይስጥ እመልሳለሁ፤ አንዳንዴ እንግባባለን። ትምህርት ቤት ሲያደርሱኝ ሁልጊዜ ከፊቴ ነበር የሚሄዱት፤ መኪናም ሰውም እሳቸውን ካየ ይቆማል ብለው የሚያምኑ ይመስሉ ነበር። እውነትም ይቆማል።

አንድ ጠዋት ገና ሳይነጋ ቀሰቀሱኝ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ብርሃኑ እህታቸው አሽቀሎን ከተማ ሞታባቸው ነበርና ሽማግሌዎቹ መርዶ ሊያረዷቸው ነው። እኔን ብቻዬን ትተው መሄድ ስላልፈለጉ ይዘውኝ ወረዱ። ጋሽ ብርሃኑ በፒጃማ ሆነው በር ከፈቱ። ሽማግሌዎቹ ግን መርዶውን አላነሡም። ገቡ፤ ተቀመጡ፤ ስለ ብርድ አወሩ። አንዲት ጎረቤት ምግብ ይዛ መጣች። አባባ ራሳቸው ዳቦውን ቆርሰው "ብላ፣ ብላ ወንድሜ" እያሉ ጋሽ ብርሃኑን አበሏቸው። ሰውዬው የሽማግሌዎቹን ፊት እያዩ በሉ፤ አሁን ሳስበው ገብቷቸው ነበር። ሲጨርሱ አባባ እጃቸውን ያዙና፣

"እህትህ ብዙ ስትሰቃይ ነበር። ተገላገለች። አርፋለች" አሏቸው።

ጋሽ ብርሃኑ ጮኹ። እኔ በር ሥር ተለጠፍኩ።

ደረጃውን ስንወጣ ለምን መጀመሪያ እንዳበሏቸው ጠየቅኋቸው።

"ባዶ ሆድ ላይ መርዶ አይነገርም። ልቡ ይሸሻል። መጀመሪያ ይበላል፤ ይቀመጣል፤ ሰው ይከበዋል። ከዚያ ቀስ ተብሎ ይነገረዋል" አሉኝ።

ይህን እንደ ትምህርት ያዝኩት። "ተገላገለች፣ አርፋለች" የሚለውንም ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ዝናቡ የበረታው። ቀን ከሌት ዘነበ። አንድ ሐሙስ አስተማሪዎቹ የሥራ ማቆም አድማ መትተው ትምህርት አልነበረም፤ ዝናቡም ጋብ ብሎ ነበር። አባቴ ፈረቃ ገብቷል። ራዲዮው በአማርኛ ዜና ሲያሰማ በቤርሼባ ወንዙ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው አለ።

"የምን ወንዝ?" አሉ አባባ።

"እዚሁ ያለው ነዋ፤ ድልድዩ ሥር።"

"ያ ደረቁ ቦይ? እሱን ነው ወንዝ የሚሉት?" ብለው ሳቁ። ቢሆንም ተነሡና ጋቢያቸውን አጣፉ። የእናቴ እህት፣ አክስቴ እናንዬ፣ ለምሳችን የቀቀለችውን እንቁላልና ዳቦ በፌስታል ያዙ። ስልካቸውን ደግሞ ለኔ ሰጡኝ፤ ሲጮህ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ ማስታወስ ስለማይሆንላቸው ስልኩን የምይዘው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

በአውቶቡስ አሮጌው ከተማ ወረድን። ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ቤቶች ናቸው፤ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ። አባባ ያገኙትን ግድግዳ ሁሉ በመዳፋቸው እየነኩ አለፉ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ የወንዙን ድምፅ ከማየታችን በፊት ሰማነው። ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሴቶች ሕፃን በጋሪ እየገፉ፣ ወጣቶች ፎቶ እያነሡ፣ ሽማግሌዎች ወንበር ሳይቀር ይዘው። ውኃው ቡናማ ነው፤ ወፍራም ነው፤ ቅርንጫፍ፣ ጎማ፣ አንድ ትልቅ የሶፋ ትራስ ይዞ ይጋልባል።

አባባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ውኃውን አዩ።

"ወንዝ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ይቅርታ አድርግልኝ" ብለው ደግሞ ለወንዙ ነገሩት።

ድልድዩ ላይ ወጣን። ቅስቶቹ እየተከታተሉ ሸለቆውን ይሻገራሉ፤ የውኃው ጉልበት ከድንጋዩ አልፎ እግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል።

"ማን ሠራው?"

"ቱርኮች። ለባቡር።"

"ቱርክ እዚህም ደርሶ ነበር?" አሉ። ጎንበስ ብለው የድንጋዩን መጋጠሚያ አዩ። "ጥሩ ግንበኛ ነው። በኛም አገር እንዲህ ያለ ድልድይ ነበር። ግን ሁሉም ወንዝ ላይ የለም። ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ አንዱ ወንዝ ሞልቶ ደረሰብን። እናትሽን ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ ነው የተሻገርኩት። ካንቺ ብዙም አትበልጥም ነበር። ጆሮዬን ጭምቅ አድርጋ ይዛ 'አባዬ እንዳትጥለኝ፣ እንዳትጥለኝ' ትላለች። ውኃው እዚህ ድረስ ነበር" ብለው ደረታቸውን አሳዩኝ።

ከዚያ ድልድዩ መካከል ቆሙ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሩና ጋቢያቸውን ተከናንበው መጸለይ ጀመሩ። እኔ ራቅ ብዬ ጠጠር እወረውራለሁ። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

አክስቴ እናንዬ ናት። ታለቅሳለች። ከበስተኋላዋ ሰው ይጯጯሃል፤ ከሥሬ ውኃው ያጓራል።

"አንቺ ነሽ? ተገላገለች! ሰማሽኝ? በስንት መከራ! ሐኪሞቹ ቀደው…" የቀረውን ውኃው ዋጠው። "…አሁን አርፋለች። ለአባባ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፤ እንዳይደነግጡ…"

ስልኩ ጢጥ አለና ጠፋ። ባትሪው አልቆ ነበር።

ተገላገለች፣ አርፋለች፤ ለጋሽ ብርሃኑም የተባለው ይኸው ነበር። አላለቀስኩም። ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው፤ ሰዎቹ ፎቶ ያነሣሉ፤ ያ ትራስ አንድ ቅስት ላይ ተወትፎ ይዞራል። እኔ ጠባቂዋ ነኝ፤ ጎርፍ ለማየት ወጥቼ ነው ያለሁት። ከዚያ የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፦ አባባ አልበሉም።

ጸሎታቸውን ጨርሰው ሲመጡ ፊታቸው በርቷል።

"ማነው የደወለው?"

"ተሳስቶ ነው" አልኩ። "አባባ፣ ቤት እንሂድ።"

"ምን አስቸኮለሽ? ዛሬ ሐሙስ አይደል? የፍየል ገበያ አለ ብለውኛል።"

እጃቸውን ይዤ ጎተትኩ፤ እሳቸው ግን ከፊቴ ሄዱ። ገበያው በዝናቡ ምክንያት ሳስቶ ነበር። ጥቂት በደዊን የሚባሉ የበረሃ ዓረቦች ፕላስቲክ ወጥረው ከሥሩ ፍየሎቻቸውን ይዘው ቆመዋል። አባባ አንዱን ሽማግሌ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ሰላም አሉት፤ እሱም እንደዚያው መለሰ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። አባባ የፍየሏን ጀርባ ዳሰሱ፤ ሰውዬው አፏን ከፍቶ ጥርሷን አሳየ፤ አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለቱም ሳቁ። ነቲቮት ከገቡ ወዲህ ፍየል ነክተው እንደሆነ አላውቅም። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ ይህ ደስታ የቆየው እኔ አፌን ስለዘጋሁ ነው እያልኩ አስባለሁ። ከንፈሬን በጥርሴ ያዝኩት።

ከገበያው ስንወጣ እንደገና ሞከርኩ።

"አባባ፣ ዳቦ ይብሉ።"

"አንቺ ብዪ።"

"እርስዎ ይብሉ። እንቁላልም አለ። እኔ እልጥልዎታለሁ።"

"ዛሬ አልበላም።"

"ትንሽ። አንዴ ብቻ ይቁረሱ። እባክዎ።"

ቆም ብለው አዩኝ። "ጾም ነኝ" አሉ። "ከትናንት ጀምሮ። እናትሽ በሰላም እስክትገላገል ብዬ ተስያለሁ።"

ያቺን ቃል ከሳቸው አፍ እንደገና ስሰማ ሰውነቴ በረደ። ሆዳቸው ባዶ ነው። የማይበሉት ደግሞ ለእናቴ ብለው ነው። እናቴ ሞታ፣ እሳቸው አይበሉም፤ ካልበሉ አይነገራቸውም። መውጫ አጣሁ።

በአሮጌው ከተማ መንገድ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ስንሄድ አንዲት ወታደር አየሁ። የኛ ልጅ ናት፤ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አድርጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባባ የአንዱን አሮጌ ቤት በር ሲያዩ እኔ ሮጥኩና በዕብራይስጥ፣

"እናቴ ሞታለች። አያቴ አያውቁም። ብቻዬን መናገር አይቻልም፤ ሰው መክበብ አለበት። ነይ ክበቢያቸው" አልኳት።

ልጅቷ ደነገጠች። ሺራ እባላለሁ አለችኝና እጄን ያዘች። ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ወደ አባባ ሄድን።

"አባባ" አለች በተሰባበረ አማርኛ፣ "ና፣ ተቀመጥ። እባክህ።" አንተና እርስዎ አትለይም ነበር። አባባ ግን አልከፋቸውም፤ ፊቷን አይተው ተቀመጡ። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ ሆንን። በቂ ሰው እንዳልሆንን አውቃለሁ፤ ሌላ ግን አልነበረም። እሳቸው የጋሽ ብርሃኑን እጅ እንደያዙት እጃቸውን ያዝኩና ያሉትን አልኩ።

"እናቴ ብዙ ስትሰቃይ ነበር። ተገላገለች። አርፋለች።"

ምርኩዛቸው ወደቀ። ሺራ አነሣችው።

"ማን አለሽ?" ድምፃቸው አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

"አክስቴ እናንዬ። ደውላ ነበር፤ ድልድዩ ላይ።"

"'ብዙ ስትሰቃይ ነበር' ብላሻለች?"

"አይ፣ እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። እርስዎ እንደዚያ ስላሉ።"

"እሷ ያለችውን ብቻ ንገሪኝ። አንድም ሳትጨምሪ።"

"ተገላገለች አለች። ከዚያ ሐኪሞቹ ቀደው አለች። ከዚያ አልሰማሁም። አሁን አርፋለች፣ ለአባባ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው አለች።"

"ታለቅስ ነበር?"

"አዎ።"

"ስለ ልጁስ?"

"ምንም አላለችም።"

አባባ ወደ ሰማይ አዩ፤ ወደ ሺራ አዩ። "ነፍሰ ጡር ተገላገለች ከተባለ ወለደች ማለት ነው" አሉ። ለኛ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። "ወለደች ማለት ነው። አርፋለች ማለትም… ተኝታለች ማለት ይሆናል።" ከዚያ ወደ ሺራ ዞሩ። "ልጄ፣ ስልክ አለሽ? ደውዪልን።"

የአክስቴን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ሺራ መታችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ጠራ። ደግሞ ጠራ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ሄሎ?"

"አባቷ ነኝ" አሉ አባባ፤ ለራሳቸው ልጅ።

"አባዬ! የት ጠፍታችሁ ነው? ስደውል ስደውል ስልኩ ዝግ ነው! ወንድ ልጅ ነው እኮ! ነግራህ የለም እንዴ?"

"እሷን አገናኚኝ።"

"ተኝታለች፣ ደክሟት…"

"ቀስቅሻት። ድምፅዋን ልስማ።"

ኮቴ ተሰማ፤ በር ተከፈተ፤ መጋረጃ ሲንሸራተት ተሰማ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ። የጎረነነ ነው፤ ቀጭን ነው፤ የእሷ ነው።

"አባዬ… ደህና ነኝ።"

አባባ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ከሥሩ "ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል፣ ይትባረክ" ሲሉ ይሰማል፤ ትከሻቸው ይርገበገባል። ሺራ ስልኩን እንደያዘች ታለቅሳለች። እኔ ጠዋት ሙሉ የያዝኩት ሁሉ ያኔ ወጣ። እንደዚያ ጮክ ብዬ አልቅሼ አላውቅም፤ ከፊት ለፊቱ ሱቅ ባለሱቁ ምን ተፈጠረ ብሎ ወጣ።

አባባ አቅፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱኝ። እርጥብ ጥጥና ፍየል ይሸታሉ።

"ብቻሽን ተሸክመሽው ነው ገበያ ለገበያ የዞርሽው?" አሉኝ። "ለምን ያን ጊዜውኑ አልነገርሽኝም?"

"አልበሉም ነበር።"

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሳቁ፤ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። "ምን ላድርግልሽ ልጄ፣ አማርኛው እንዲህ ነው። የሞተም አረፈ ይባላል፣ የተኛም አረፈ ይባላል። የወለደችም ተገላገለች፣ ከሥቃይ የወጣም ተገላገለ። ሰውየውን አይተሽ ነው የምትለዪው።"

ከዚያ ፌስታሉን ፈቱ። "ስለቴ ደርሷል፤ አሁን እበላለሁ" አሉና እጃቸውን በሱቁ ውኃ ታጥበው፣ ባርከው፣ ዳቦውን ቆረሱ። ለሺራ ሰጡ፣ ለኔ ሰጡ። እንቁላሉን ሁሉ እሳቸው በሉት። ሺራ አውቶቡሷ መጥቶ አለፈ፤ ሌላ እጠብቃለሁ አለች።

ሆስፒታል ስንደርስ ጫማችን ጭቃ ነበር። አባባ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። እንደ ድሮው ልማድ ቢሆን ወላድ ያለችበት ወንድ አይገባም። እናቴ "ግባ አባዬ፣ ብርድ ነው" አለች። ወንበር አስመጡና በሩ ሥር፣ ግማሽ ውስጥ ግማሽ ውጭ ሆነው ተቀመጡ። ከዚያው ሆነው አዩአት። ብዙም ሳይቆዩ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ማንኮራፋት ጀመሩ።

እናቴ ነጥታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ነካኋት። ሙቅ ናት። ወንድሜ ከጎኗ ባለች ትንሽ አልጋ ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ ይታያል፤ ቀይ ነው፤ የተቆጣ ይመስላል። እሱን ለማየት አልቸኮልኩም። ጫማዬን አወለቅሁና በሌላው ጎኗ፣ ስፌቷን እንዳልነካ ተጠንቅቄ ወጣሁ። ክንዷን ዘረጋችልኝ። ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን ልነግራት አስቤ ነበር፤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝና ተውኩት።

አባቴ ከኤመቅ ሳራ በሥራ ልብሱ ሮጦ መጣ። ትንፋሹን ከኮሪደሩ ሰማሁት። አክስቴ "ቀስ፣ ሁሉም ተኝተዋል" ስትለው ሰማሁ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው እንጂ አልተኛሁም ነበር። በአባባ እግር ላይ ተሻግሮ ሲገባ፣ ክፍሉ መካከል መጀመሪያ ማንን እንደሚያይ ግራ ገብቶት ሲቆም ይታወቀኛል።

"ና" አለችው እናቴ በሹክሹክታ። "ና እየው። ያንተን ግንባር ነው የያዘው፣ ምስኪን።"

አባቴ ሳቀ። አፉን በእጁ ይዞ፣ እንዳንነቃ እየፈራ፣ እንደ ልጅ እየተንፈቀፈቀ ሳቀ። እናቴ ከቤት ከወጣች ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። ያን ከሰማሁ በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።